የልየው ቆሎ

የልየውን ሞት የሰማሁት ፀጉር ቤት ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ ግማሽ ራሴ ጠቁሮ ግማሹ እንደ ነጣ ነው። በዚህ ዕድሜ ፀጉር መቀባት ምን ይሉታል አትበሉኝ፤ ፊልም ከሠራሁ ወዲህ የያዘኝ በሽታ ነው። ፀጉር ቆራጩ ቀኝ ጎኔን ጨርሶ ወደ ግራው ሊዞር ሲል ስልኬ ጮኸ። የልየው ሚስት እናትነሽ ናት።

«አያ አድማሱ፣ ጓደኛህ ጥሎን ሄደ» አለችኝ።

ጨርቁን ከአንገቴ ፈትቼ ተነሣሁ። ፀጉር ቆራጩ ብሩሹን እንደ ያዘ በር ድረስ ተከተለኝ።

«ጋሼ፣ ግማሹ እኮ ነው የተቀባው።»

«ሌላው ግማሽ ለራሴ ቀብር ይቆይ» አልሁት።

ለቅሶ ቤት ባርኔጣ አድርጌ ዋልሁ፤ ማንም አላየብኝም። ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ስንገባ ግን ባርኔጣ ይወልቃል። አወለቅሁ። አንዲት የማላውቃቸው ሴትዮ አዩኝና ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው «ውይ፣ ኀዘኑ በአንድ ቀን ግማሽ ራሱን አሸበተው» ብለው ለእኔ ማልቀስ ጀመሩ። ሳጥኑን አየሁ። ልየው ይህን ሰምቶ ዝም ብሎ ሲተኛ፣ እውነትም መሞቱን ያን ጊዜ ጠረጠርሁ።

ሰዉ ሁሉ ዕድሜውን ሙሉ ጭንቅላቱ ይገድለዋል ብሎ ሲጠብቅ ልቡ ናት የገደለችው። ቀትር ላይ የጫማውን ክር ሊያስር ጎንበስ እንዳለ ሳይነሣ ቀረ። ጭንቅላቱ እስከዚያች ሰዓት ድረስ ሥራ ላይ ነበር።

የልየው ሕመም ስኪዞፍሬንያ ይባላል። እኔ ይህን ቃል ስጠራው ሰው ሠራሽ ጥርሴ ይንሸራተታል። እሱ ግን እንደ ትውልድ ቀበሌው ስም ነበር የሚጠራው፤ ሳይፈራውም ሳይኮራበትም። ማንም የማይሰማው ድምፅ ይሰማ ነበር። አልፎ አልፎ ደግሞ ማንም የማያየው ሰው ይመጣበታል። «የእኔዎቹ» ይላቸዋል። ሲብስበት «ጎረቤቶቼ»። «እድር አይከፍሉ፣ ለቅሶ አይደርሱ፣ ግን ቀኑን ሙሉ ከቤቴ አይወጡ። እንዲህ ያለ ጎረቤት አይተህ ታውቃለህ?» ይለኝ ነበር። አላውቅም እንዳልለው ያኔ እኔም ጎረቤቱ ነበርሁ።

የተዋወቅነው ፋብሪካ ነው። እኔ ዕቃ ግምጃ ቤት፣ እሱ ሽመና ክፍል። ሽመና ክፍል ማሽኑ ሁሉ አንድ ላይ ሲጮኽ ሰው ከጎኑ የቆመውን አይሰማም፤ በእጅና በዐይን ነው የሚነጋገሩት። ሌላው ሠራተኛ ጆሮዬ ጠፋ እያለ ወደ ሌላ ክፍል ለመዛወር ሲማፀን፣ ልየው ከዚያ ንቅንቅ አልል አለ። አንድ ቀን ምክንያቱን ጠየቅሁት።

«እዚህ ሁላችንም እኩል ነን፤ ማንም ማንንም አይሰማም» አለኝ። «የእኔዎቹም ሲጮኹ ውለው ድምፃቸው ይዘጋል። ማታ ስገባ አርፈው ይተኛሉ።»

አባቱ የዘጌ መሪጌታ ነበሩ። ልጃቸው በጎልማሳነቱ መባቻ ባዶ ጥግ ሲያናግር ባዩት ጊዜ ጸበል ወሰዱት። ቆየት ብለው ደግሞ ሐኪም ቤት ወሰዱት። የደብሩ ሰዎች «መሪጌታ፣ ከጸበል ወደ ክኒን ምን አመጣዎ?» ቢሏቸው «ክኒኑን የሚውጠው በጸበሉ ነው፤ እግዚአብሔር በባለሙያ አይቀናም» አሉ ይባላል። ልየው እስከ መጨረሻው እንደዚያው አደረገ። ጠዋት ጠዋት ከትንሽ ላስቲክ ጠርሙስ ጸበል ይቀዳል፣ ክኒኗን ምላሱ ላይ ያደርጋል፣ ያማትባል፣ ይውጣል። ከዚያ ቁርሱን ይበላል። አንድም ጊዜ ክኒን ያለ ቁርስ፣ ቁርስ ያለ ክኒን ሲል አላየሁትም።

ቆሎውን ልንገራችሁ።

ልየው የኮቱ ግራ ኪስ ከቆሎ ተለይቶ አያውቅም። እናትነሽ ገብስና ሽምብራ ቀላቅላ ትቆላለታለች። መንገድ ላይ ሲያገኛችሁ ከሰላምታ በፊት እጁ ይዘረጋል። ትወስዳላችሁ፤ ታኝካላችሁ። እሱ ጉንጫችሁን ያያል። ከዚያ በኋላ ነው «እንዴት ዋላችሁ» የሚለው። ከተማው ለጋስ ሰው ነው ይለው ነበር፤ ለጋስም ነበር። ነገሩ ግን ሌላ ነው። የመጣው ሰው በእውነት የመጣ ይሁን ወይስ ከ«የእኔዎቹ» አንዱ፣ የሚለይበት ሌላ መንገድ አልነበረውም። «ጥላ ቆሎ አያኝክም» ይል ነበር። ባንክ ሲገባ ጥበቃው ኪሱን ሊፈትሸው እጁን ሲሰድ፣ ልየው ቀድሞ ቆሎ ያስጨብጠዋል። ጥበቃው እያኘከ ይፈትሸዋል።

አንድ ጊዜ እኔ ሦስት ጥርስ በአንድ ቀን አስነቅዬ፣ ጉንጬ እንደ ሊጥ ተነፍቶ፣ ጣና ዳር የምንቀመጥበት ሾላ ሥር አገኘሁት። ቆሎውን ዘረጋልኝ። ራሴን ነቅንቄ አፌን በጣቴ አሳየሁት። መናገር አልችልም። ልየው ቆሎውን መልሶ ኪሱ ከተተ፣ ግራ ቀኙን አየ፣ አልፎኝ ሄደና ተቀመጠ። ተከትዬው ሄጄ ከጎኑ ተቀመጥሁ። አያየኝም። ጎኑን ጎሸም አደረግሁት። ዐይኑን ከሐይቁ ሳይነቅል፣ ለራሱ በሚመስል ድምፅ፣

«ዛሬ ደግሞ አድማሱን መስለው መጡ» አለ። «አፉን እንኳ ማስመሰል አልቻሉበትም።»

የዚያን ቀን አልነበርሁም። ሌሎች ጡረተኞች መጡ፣ ቆሎአቸውን ወሰዱ፣ ሰላም ተባሉ። አንዱ «አድማሱ ዛሬ ምን ሆኗል?» ሲለው ልየው በጣም ደነገጠና «አንተም ታየዋለህ እንዴ?» አለው። ሰውየው ቀልድ መስሎት ሣቀ፤ ልየውም ቀልዱን እንደ ያዘለት ሰው አብሮ ሣቀና እንደገና ረሳኝ። በማግስቱ ሄጄ ቆሎውን ሳላኝክ ዋጥሁለት። «ትናንት የት ጠፍተህ ዋልህ?» አለኝ።

ከዚያ ወዲህ ዘዴ አበጀሁ። ቆሎውን ጉንጬ ሥር አስቀምጬ እስኪለሰልስ እጠብቃለሁ። ገብስ ከሆነ ፈጥኖ ይላላል። ሽምብራ ከሆነ ቤቴ ይዤው የገባሁበት ቀን አለ። ያቺ ያልኖርሁባት ቀን ግን ጠቅማኛለች። ልየው ከታመመ ጀምሮ ስንቱ ሰው አይቶ እንዳላየ ያልፈው እንደ ነበር አውቃለሁ፤ እሱ ስለዚያ አንድ ቀን እንኳ ሲያማርር አልሰማሁትም። እኔ በአንድ ቀኑ ለሚስቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ለአንድ ወር ሳለቅስባት ከርሜአለሁ።

ሰላማዊት የመጣችው እዚያው ሾላ ሥር ነው። ቲያትር የተማረች የባሕር ዳር ልጅ፣ ፀጉሯን ጠቅልላ፣ እንደ ቤት ፈላጊ አንዱን ሽማግሌ ከሌላው እያስተያየች ስትዞር ቆየችና ፊቴ ቆመች።

«ይቅርታ አባባ፣ ፊትዎን ስፈልገው ነበር» አለችኝ።

«እኔም ድሮ እፈልገው ነበር። አንቺ ካገኘሽው ደግ ነው።»

«የሚያለቅስ አባት ፊት ነው ያለዎት።»

ልየው ከጎኔ «ሳያለቅስም ያው ነው» አለ።

ፊልም ልትሠራ ነው። ምን ዓይነት ፊልም ነው አልኋት። ስኪዞፍሬንያ ስለ ያዘው ወጣትና ስለ አባቱ የሚተርክ ድራማ ነው አለች፤ አባቱን እኔ እንድሆንላት። እኔ ሐይቁን ማየት ጀመርሁ። ጣና እንዲህ ባለ ጊዜ ነው ጥቅሙ። ልየው ኪሱ ገባና ቆሎ ዘረጋላት። ወሰደች፣ አኘከች።

«እውነተኛ ነሽ» አላት። «እንግዲያው የምትሠሪው ስለ እኔ ነው ማለት ነው።»

«እርስዎ ጋሼ?»

«ከወጣትነቴ ጀምሮ። ክኒኔን እውጣለሁ፣ ድምፄን እሰማለሁ፣ ጡረታዬን እቀበላለሁ።»

ልጅቱ ብልህ ናት። «ይርዱኛ» አለችው።

«ልጁ መጨረሻ ላይ ምን ይሆናል?»

«ገና አልወሰንኩም።»

«እኔ ልወስንልሽ። ይኖራል።» ልየው ወደ እሷ ዞረ። «እንደ እኔ ያለ ሰው ፊልም ውስጥ ሲገባ ወይ ሰው ይገድላል፣ ወይ ራሱን ይገድላል፣ ወይ ደግሞ ሊያልቅ ሲል አንድ ተአምር መጥቶ ይድናል። ቁርሱን በልቶ ሥራ ሲሄድ ግን አይቼው አላውቅም። እረዳሻለሁ። ክፍያዬ ይኸው ነው። ቁርሱን ይብላ።»

ሰላማዊት ሣቀች። እሱ አልሣቀም።

«ልጄ ማኅደር ዓምና ጀምሯታል» አላት። «ዩኒቨርሲቲ ነበረች። ትምህርቱን ትታ ቤት ተቀምጣለች። ክኒኑንም አንድ ቀን ትውጣለች፣ አንድ ቀን ትተፋለች። ፊልምሽን ታየዋለች። ሲያልቅ ምን አይታ እንደምትነሣ ነው የምጠይቅሽ።»

የማኅደርን ነገር ለእኔም አልነገረኝም ነበር። ወደ እኔ ዞሮ አላየኝም፤ እጁን ብቻ ወደ ኋላ ሰዶ ቆሎ አስጨበጠኝ።

«ቃሌ ነው ጋሼ» አለች ሰላማዊት። «ቁርሱን ይበላል።»

ቀረጻው ተጀመረ። ልጁን የሚሆነው አቤል የሚባል ከአዲስ አበባ የመጣ ተዋናይ ነው። መልከ መልካም ነው፤ ልጄ ነው ብሎ የሚያምን ሰው መገኘቱ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። የመጀመሪያ ቀን ሕመሙን አሳይ ሲሉት ዐይኑን አጉረጠረጠ፣ ሸሚዙን ቀደደ፣ መሬት ላይ ተንከባለለ። ልየው በርጩማው ላይ ሆኖ እስኪጨርስ ጠበቀው።

«ምን ገባብህ ልጄ? ገብረ ጉንዳን ነው?»

«ድምፅ እየሰማሁ ነው እኮ ጋሼ።»

«ድምፅ የሚሰማ ሰው አይንከባለልም፤ ያዳምጣል። አማትህ ከግድግዳ ወዲያ ሆነው ሲያሙህ እንዴት ታዳምጣለህ?»

አቤል ሚስትም የለውም። ግን ገባው። አንገቱን በትንሹ ዘመም አደረገ፣ የያዘውን ማንኪያ አየር ላይ እንደ ያዘው ቀረ።  ልየው «እ...ዚያ ነው» አለና ቆሎ ሰጠው።

የእኔን ትወናስ ባልነግራችሁ ይሻላል። አልቅስ ሲሉኝ ይደርቃል፤ በቃ ሲሉኝ ይወርዳል። ሰላማዊት ስድስት ጊዜ አስለቀሰችኝ፤ ስድስቱንም ጊዜ እንባዬ የመጣው ካሜራው ከጠፋ በኋላ ነው።

ከሁሉ የማልረሳው ግን ሐይቁ ዳር የቀረጽንበት ጠዋት ነው። ልጁ ከቤት ያመልጣል፤ አባት ተከትሎ ይይዘዋል፤ ልጁ ይታገላል። ካሜራውን ቁጥቋጦ ውስጥ ደበቁት፣ ተፈጥሯዊ እንዲሆን ብለው። አቤልን እጁን ይዤ ስጎትተው፣ እሱ «ልቀቀኝ» እያለ ሲጮኽ፣ ከቅዳሴ የተመለሱ ሴቶች ነጠላቸውን እንዳጣፉ ደረሱብን። ፊተኛዋ አሮጊት ጠርሙሳቸውን ከፍተው የአቤልን ፊት በጸበል አጠቡት። ሁለት ጎረምሶች ደግሞ ከየት እንደ መጡ እንጃ፣ እጁን ወደ ኋላ በነጠላ አሰሩት። እኔ አባት ነኝና «አይዞዎት አባት» እያሉ ወደ ዳር አስቀመጡኝ።

«ተናገር» አሉት አሮጊቷ። «ማነህ አንተ?»

«ተዋናይ ነኝ!» አለ አቤል።

«እየለፈለፈ ነው» አሉ ሴቶቹ እርስ በርሳቸው። «ከየት መጣህ?»

«ከአዲስ አበባ!»

«እዩት፣ ከሩቅ ነው የመጣው። ትወጣለህ አትወጣም?»

«እወጣለሁ! አሁኑኑ እወጣለሁ!»

እልልታ ሆነ። የጸበል ልማድ ለማያውቅ ሰው፣ መንፈሱ ስሙንና አገሩን ተናግሮ እወጣለሁ ካለ ሥራው ተጠናቀቀ ማለት ነው፤ አንድ ጠርሙስ ይጨመርለታል። ጨመሩለት። ሰላማዊት ፊልም ነው፣ ፊልም ነው ብትል የሚሰማት የለም። ያን ጊዜ ልየው ኮቱን አስተካክሎ፣ ጫማው ጭቃ እንዳይነካው እየመረጠ መጣ።

«እናቴ» አላቸው፣ ባርኔጣውን አውልቆ፤ «ተሳስተዋል። በሽተኛው እኔ ነኝ።»

አሮጊቷ ከእግር እስከ ራሱ አዩት፤ የተተኮሰ ሱሪውን፣ የተወለወለ ጫማውን።

«አንተማ ደህና ነህ ልጄ» አሉት። «ና እስቲ በዚህ በኩል ያዝልን።»

ልየው እንደዚያ ሲሥቅ አላየሁትም። ሥቆ ሥቆ እንባውን ጠረገና ቆሎ አውጥቶ አቤል አፍ ውስጥ ከተተ። አቤል ርቦት ነበርና አኘከ። «ይኸው በላ፤ ሰው ነው፤ ፍቱት» አላቸው። እንዴት እንዳመኑት አላውቅም፤ ፈቱት። አሮጊቷም እጃቸውን ዘርግተው የድርሻቸውን ወሰዱ።

ቀረጻው ሊያልቅ ሲል ሰላማዊት ሾላው ሥር ብቻዋን መጣች። የፊልሙን ገንዘብ የሚያወጣው ሰውዬ የተቀረጸውን አይቶ ነበር።

«ጋሽ ልየው፣ መጨረሻው ሊቀየር ነው» አለች፤ ፊቱን አላየችውም። «በቁርስ ማን ያለቅሳል ይላል። ልጁ ጣና ውስጥ ይገባል። ፀሐይ ስትወጣ። በጣም ነው የሚያምረው።»

ልየው ሐይቁን አየ።  ከ«የእኔዎቹ» ጋር እየተማከረ መሰለኝ።

«ያምራል» አለ። ቀጥሎም «ማኅደር ዋና አትችልም» አለ።

 ልየው ተነሣ። «ከመቅረጻችሁ በፊት ግን ሁላችሁም እኔ ቤት መጥታችሁ ቁርስ ብሉ። ለእናትነሽ እነግራታለሁ።»

እሷ ስትሄድ እኔ ተቆጣሁ። «ቃል ገብታልህ አልነበር? ተጣላት እንጂ፣ ምን ቁርስ ትጋብዛለህ?»

«አድማሱ፣ አይታው አታውቅም እኮ» አለኝ። «ያላየችውን እንዴት ትሥራው?»

ቤቱ ከከተማው ወደ ዘንዘልማ መውጫ፣ ገና ቀለም ያልተቀባ አዲስ ቤት ነው። በተባለው ጠዋት በባጃጅ ሄድን፤ ሰላማዊት፣ አቤል፣ በረከት የሚባለው ካሜራ ያዡና እኔ። እናትነሽ ቂንጬ በቅቤ አቅርባለች። ማኅደር ሻሿን እስከ ቅንድቧ አውርዳ ጥግ ተቀምጣለች። ከአባቷ ጋር አንድ ዐይነት ዐይን አላት። ሳህኗን አልነካችም። ከሳህኗ ጎን ክኒኗ ተቀምጣለች፤ እሷንም አልነካችም።

ልየው ያን ጠዋት ደህና አልነበረም። ሲቀበለን ነው ያወቅሁት፤ ቃሉ ከፊቱ ዘግይቶ ይመጣ ነበር። «የእኔዎቹ ቦታ ጠበበን ብለው ተቆጥተዋል» አለኝ ቀስ ብሎ። እንደ ልማዱ ቆሎ ማዞር ጀመረ። አቤል ወሰደ። ሰላማዊት ወሰደች። እኔ ወሰድሁ። በረከት ዘንድ ደረሰ።

በረከት ጨዋ ቤት ያደገ ልጅ ነው። ጨዋ ልጅ ደግሞ ሰው ቤት በመጀመሪያው አይወስድም፤ በሞቴ እስኪባል ይጠብቃል። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለና «ኧረ ጋሼ፣ በቃኝ፤ ጠግቤያለሁ» አለ።

የልየው እጅ እንደ ተዘረጋ ቀረ። ሌላ ጋባዥ ቢሆን በሞቴ ይላል፤ ልየው ግን ቆሎ ያልወሰደን ሰው እንዴት አድርጎ ይለምናል? ፊቱ ባዶ ሆነ። በረከትን አየ፤ አቤልን አየ፤ ሰላማዊትን አየ፤ እኔን አየ። ማናችን እንዳለን፣ ማናችን እንደሌለን ሊለይ ነው። መዳፉ ዘነበለ። ገብሷ አንድ በአንድ ወለሉ ላይ ስትወድቅ ይሰማ ነበር። እናትነሽ ማንቆርቆሪያውን እንደ ያዘች ቆማለች። እኔ ፊልም ላይ ስድስት ጊዜ ያለቀስሁ ሰውዬ፣ የቂንጬ ሳህኔን ማየት ጀመርሁ።

የተነሣችው ማኅደር ናት። መጥታ ከአባቷ መዳፍ ላይ ቆሎውን ዘገነች። ግማሹን ራሷ አፍ ውስጥ ከተተች፤ ግማሹን እንደ ጉርሻ ወደ በረከት አፍ ወሰደችው።

«በሞቴ» አለችው።

በረከት ጎረሰ። በዚያ ጸጥታ ውስጥ ሲያኝክ እንደ ወፍጮ ነበር የሚሰማው። ማኅደር የአባቷን እጅ ይዛ ቆመች።

«አባ፣ ልጁ አለ» አለችው። «እኔም አለሁ።»

ልየው ተነፈሰ። ተቀመጠ። ጸበሉን ቀዳ፣ ክኒኑን ምላሱ ላይ አደረገ፣ አማተበ፣ ዋጠ። ማንኪያውን አነሣና «ቂንጬው ቀዘቀዘ፣ ብሉ እንጂ» አለ። ማኅደርም ቦታዋ ተመለሰች። ክኒኗን ትንሽ ጊዜ አየቻት። ከዚያ ዋጠቻትና ሳህኗን ወደ ራሷ ሳበች። ማናችንም ይህን እንዳላየን ሆነን በላን፤ ያን ቀን ጥሩ ተዋናይ ነበርሁ።

ካሜራው ቦርሳው ውስጥ ነበር። ሰላማዊት ሻይዋ ቀዝቅዞባት ተቀምጣ፣ ሁሉም ሳህኑን ሲያነሣ፣

«ጋሽ ልየው፣ ጣናው ይቅር» አለች። «ለሰውዬው እኔ እነግረዋለሁ።»

«አይቅር» አለ ልየው። «አድማሱ ይግባበት፤ ገላውን ከታጠበ ቆይቷል።»

መጨረሻውን እዚያው ጠረጴዛ ላይ ቀረጽነው። ልጁ ቆሎ ይዘረጋል። አባት ይወስዳል። ልጁ ክኒኑን ይውጣል፣ ቁርሱን ይበላል፣ ጃኬቱን ለብሶ ሥራ ይሄዳል። በሩ ይዘጋል። በቃ። ልየውና ማኅደር በመስኮት በኩል ቆመው ሲያዩን ነበር፤ እሱ አንገቱን ዘመም አድርጎ።

ልየው ፊልሙ ሳይታይ ሞተ።

ያቺን ግማሽ ራሴን ከቀብሩ መልስ ሙልጭ አድርጌ ተላጨሁ፤ ኀዘንም ነው፣ እፍረትም ነው። ከአርባው በኋላ ፊልሙ ከተማ ውስጥ ባለ አዳራሽ ሲታይ እናትነሽ እቤት ሆና ማኅደርን ከእኔ ጋር ላከቻት። መሀላችን አንድ ወንበር ክፍት ትተን ባርኔጣዬን አስቀመጥንበት። ልጅቱ ዘንድሮ ትምህርቷን ጀምራለች፤ አንዳንዱ ሳምንት ደህና፣ አንዳንዱ ክፉ ነው። ቁርሷን ግን ትበላለች ይላል ቤቱ።

መብራቱ ጠፋ። እኔ የማለቅስበትን መጠበቅ ጀመርሁ። አላለቀስሁም። ሰላማዊት ስድስቱንም ለቅሶዬን ቆርጣ ጥላዋለች። የሚያለቅስ አባት ፊት ያለው ሽማግሌ ከጀርባው፣ ከጎኑ፣ ከሩቁ ብቻ ይታያል። በመጨረሻው ቁርስ ላይ ፊቴ ጭራሽ የለም። የልጁ እጅ ቆሎ ይዞ ይመጣል፤ የእኔ እጅ ይወስዳል። ያ የኔ ትልቁ ትወና ነው፤ ጣቶቼም ቢሆኑ ጥሩ ሠርተዋል።

በሩ ሲዘጋ ማኅደርን በጎን አየኋት። እሷም እያየችኝ ነው። በዚያ ጨለማ ውስጥ ራሱን የተላጨ ሽማግሌ፣ ፀጉር ያለውን ጋሼ አድማሱን አይመስልም። አንገቷን ዘመም አድርጋ ትንሽ አዳመጠች። ከዚያ በባርኔጣው ላይ አሳልፋ እጇን ዘረጋችልኝ።

ቆሎ ነው። ሽምብራው ይበዛል።

ወሰድሁ። ጉንጬ ሥር አደረግሁና እንደሚያኝክ ሰው አገጬን አንቀሳቀስሁላት።

«እንዴት አመሹ ጋሼ?» አለችኝ።